ስሙን ተው የተባለው ማስረሻ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የአያ ማስረሻን ስም ግን ያወጣችው እናቱ አትጠገብ ናት። በጮቄ ተራራ ግርጌ ካሉት መንደሮች በአንዱ፣ አንዳርጌና ይታይህ የሚባሉ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዳ ሁለቱንም በአንድ ክረምት ቀበረች። ሦስተኛው ሲወለድ «ያለፈውን ያስረሳኝ» ብላ ማስረሻ አለችው። በዚያ አገር ልጅ የሞተባት ሴት ሁሉ እንዲህ ታደርግ ስለነበር ስሙ የሐዘንተኛ ቤት ስም ነበር። ይህን የሰማሁት ከአጎቴ ነው። አጎቴ ወሬ ሲያወራ ጨው ጣል ያደርጋል፤ እኔም ቆንጠር አድርጌ ጨምሬበታለሁ፤ ስሙን ግን አልነካሁም።

ማስረሻ ጎልማሳ ሲሆን በምላሱ ታወቀ። አንድ ቀን በድንበር ክርክር ለጎረቤቱ ሊመሰክር ሸንጎ ቀረበ። ዳኛው ታገሠ ይባላሉ፤ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ መጠበቅ ከቶ የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። ማስረሻ «ድንበሩ ከኮሶው ዛፍ ተነሥቶ» ሲል አቋረጡት። እንደገና «ከኮሶው ዛፍ» ሲል እንደገና አቋረጡት። በሦስተኛው «ለመሆኑ ማስረሻ የተባለ ሰው የሃያ ዓመት ድንበር እንዴት አድርጎ ያስታውሳል?» ብለው ሸንጎውን አሳቁበት። ማስረሻ ጋቢውን አስተካክሎ እጅ ነሣ፦

«ጌታዬ፤ በስም የምንሄድ ከሆነ እርስዎ ታገሠ ነዎት፤ እኔ ግን ይኸው እስካሁን ከኮሶው ዛፍ አላለፍኩም።»

ሸንጎው ሁለተኛ ሳቀ። ዳኛው ከዚያ ወዲያ ምስክርነቱን እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ጎረቤቱም መሬቱን አገኘ።

እንዲህ ያለው ወሬ ባገሩ ሲዳረስ የስሙም ነገር ተለወጠ። ልጅ ያልሞተባቸው ሴቶች ሳይቀሩ ወንድ ሲወልዱ ማስረሻ ማለት ጀመሩ፤ እንደ እሱ ጨዋታ አዋቂ ይሁንልን ብለው ነው። የሐዘን ስም የሳቅ ስም ሆነ። አትጠገብ በዚህ ቅር ይላት ነበር አሉ። እኔም ብሆን ቅር ይለኝ ነበር።

ጓንጉል የሚባለው ንፉግ ባለጸጋም ልጁን ማስረሻ ብሎ ክርስትና አስነሣ። አያ ማስረሻ «የስሙ ባለቤት» ተብሎ ከላይ ተቀመጠ። እንጀራው ፀሐይ ያሳልፋል፤ ወጡ ቀጥኗል፤ ጠላው አንድ ጊዜ ዞሮ አልተመለሰም። ጓንጉል በእንግዶቹ መካከል እየተንጎራደደ «እንዴት ነው ታዲያ፤ የልጄ ስም አማረ?» አለ። ማስረሻ ባዶውን ዋንጫ አስቀመጠ፦

«ስሙስ አምሯል። እስካሁን ግን ያወጣኸው ለልጁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለእኛ ለእንግዶችህ ኖሯል።»

ስሙ እየዋለ እያደረ በዛ። የጭቃ ሹሙ ለአገረ ገዢው ለፊታውራሪ አድማሱ እርሻ ሰው ሊጠራ «ማስረሻ!» ብሎ ሲጮህ ከየጎጆው የሚመለስለት «እኔን አይደለም፤ ያኛውን ነው» የሚል ነው። አንድ ማለዳ ትዕግሥቱ አለቀና ማስረሻ የሚባለውን ሁሉ ከነዘር ማንዘሩ ሰደበ። ፊታውራሪ በበቅሎ ሲያልፉ ሰሙት። ያን ሰሞን ባለቤታቸው ወይዘሮ ይመኙሻል ወልደዋል፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን ፈንጣጣ ስለወሰደባቸው፣ እሳቸውም እንደ አገሩ ሴት ሁለተኛውን ማስረሻ ብለውታል። ፊታውራሪ የልጃቸው ስም በመንደር መካከል ሲሰደብ መስማት አልቻሉም። በቅዳሜ ገበያ አዋጅ አስነገሩ፤ ማስረሻ የሚባል ሁሉ እስከ መጪው ሚካኤል ሌላ ስም ያውጣ፤ እንቢ ያለ አገር ይልቀቅ።

ገበያተኛው ሁሉ ወደ አያ ማስረሻ ዞረ። አንድ አሞሌ ሻጭ «አያ ማስረሻ፤ ይህን ምን ይሉታል?» ብሎ ነካካው።

«ሹመት ነዋ። ስሜ ከእኔ ቀድሞ ተሾመ።»

ሰው ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም ይላል አጎቴ። እናቱ ከሞተች ገና ዓመቷ ነው። ከእሷ የቀረችው ያቺው ስምና አንዲት ቁራሽ መሬት ናቸው፤ አሁን አንዱን ለማዳን ሌላውን መልቀቅ ሊኖርበት ነው።

ሌሎቹ ማስረሻዎች አንድ በአንድ ስማቸውን ለወጡ። ሚስቶቻቸውን አዲሱ ስም አልያዝ አላቸውና ባሎቹ ቤት ውስጥ «ስማኝማ» ተብለው ቀሩ። በሚካኤል ማግስት አያ ማስረሻ ብቻውን ፊታውራሪ እልፍኝ ቀረበ። ወይዘሮ ይመኙሻል ሕፃኑን ታቅፈው በመጋረጃው አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» አሉ ፊታውራሪ። «የልጄን ስም ማንም እየተነሣ እንዲጎትተው አልፈቅድም። ስሙን ትተዋለህ ወይስ አገሩን?»

ማስረሻ እስከ መሬት እጅ ነሣ፦

«ጌታዬ፤ የሰጠችኝ እናቴ ሞታለች፤ ለማን ልመልሰው? ደግሞም እንዳሉት ነው፤ ሁለት ወንድሞቼ ከመቃብር በላይ የዋሉት በዚሁ በእኔ ስም ነው።»

ወይዘሮ ይመኙሻል ሕፃኑን ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩት።

«ስሙ ለሁለቱም ይበቃል። አዋጁ ይቅር» አሉ።

ፊታውራሪ በጦር ሜዳ እንጂ በእልፍኛቸው እንቢ ብለው አያውቁም፤ አዋጁ በዚያው ቀረ። ማስረሻ አመስግኖ ሊወጣ ሲል ወይዘሮዋ ጠርተው መለሱት። ድምፃቸው አሁን የጌታ ሚስት ድምፅ አልነበረም።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ» አሉት። «እናትህ አንተን ወልዳ እነሱን ረሳቻቸው?»

«እመቤቴ፤ እናቴ እስክትሞት ድረስ እኔን ስትጠራ፣ አስቀድማ አንዳርጌን፣ ቀጥላ ይታይህን ጠርታ ነበር ወደ እኔ የምትደርሰው።»