ስንዴው ካልተገለበጠ ውሃ አይቀዳም

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ የቸኮለ መንገዱን ይቀጥል። ይህ ነገር አንዱ በአንዱ ላይ እየተንጠላጠለ የሚሄድ ነው፤ መሃሉን ያልሰማ ጫፉን አያገኘውም።

ከደሴ ወጣ ብሎ፣ ዳገት ላይ የተለጠፈች አንዲት ሰፈር ነበረች። ቤቶቹ ከላይ፣ ቦኖው ከታች። ድሮ ውሃ በየቀኑ ይመጣ ነበር። ቀጥሎ በሳምንት ሆነ። ቀጥሎ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ጠፋ። ውሃ ሲጠፋ ባልዲ ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታ ባልዲ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሌላ ሥራ ያዘ። አንዱ የእህል ማስቀመጫ ሆነ፣ አንዱ የጎመን መደብ ሆነ፣ አንዱ የዶሮ ቤት ሆነ፣ አንዱ መቀመጫ ሆነ። ፕላስቲክ ነው፤ አይበሰብስም። ቢሰነጠቅም ቢሸረፍም ለአንድ ነገር ይሆናል። ለውሃ ብቻ የሚሆን ባልዲ ግን ከሰፈሩ ጠፋ።

እዚያ ሰፈር እታፈራሁ የምትባል ሴት ከእናቷ ከእማማ ዘርፌ ጋር ትኖር ነበር። እማማ ዘርፌ አልጋ ላይ ከዋሉ ከርመዋል። መዳን እንደሌለ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ልጅየዋም ታውቃለች፤ ግን አይነጋገሩበትም። እማማ ዘርፌ ምግብ አይጠይቁም፤ መድኃኒትም አይጠይቁም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ገላዬን እጠቢኝ።»

«ውሃ የለም እኮ እማዬ። በእርጥብ ጨርቅ ልጥረግሽ?»

«ጨርቅ አይደለም የምልሽ። ሲሞትማ ማንም ይታጠባል። ያን እኔ አላየው፣ አይሰማኝ። ውሃው ሲነካኝ እየተሰማኝ ልታጠብ።»

አንድ ቀን ጠዋት ከታች «ውሃ መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። እታፈራሁ አንድ ባልዲ ነበራት፤ ልብስ የምታጥበው በሱ፣ ዕቃ የምታለቀልቀው በሱ፣ ውሃ የምትቀዳው በሱ። ይዛው ዳገቱን ወረደች። ወረፋ ላይ አስቀመጠችው። አሸዋ የጫነ አይሱዙ ወደ ኋላ ሲል ወጣበት። ባልዲው ጧ አለ። ከጎማው ሥር የወጣው ስብርባሪ ለጫጩት ውሃ ማጠጫ እንኳ አይሆንም።

ሹፌሩ አላየም፤ ሄደ። የቦኖው ጠባቂ ግን አይቷል። «አይ እታፈራሁ!» አለ። «ውሃው እስከ ቀትር ነው። ሌላ ዕቃ ይዘሽ ድረሽ።»

ጀሪካን ያለው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ወረፋ ላይ ነው። ከዚያ ማን ያውሳታል? ዳገቱን ተመልሳ ወጣች።

መጀመሪያ እትዬ ብርነሽ ቤት ገባች። እትዬ ብርነሽ ክዳን ያለው ደህና ባልዲ አላቸው፤ አፉ ድረስ ስንዴ ሞልተውበታል።

«እትዬ፣ ባልዲዎን ያውሱኝ። ውሃ ልቅዳ፤ እናቴ ትታጠብ።»

እትዬ ብርነሽ ባልዲውን በእጃቸው ከለል አደረጉት። «ስንዴውን የት ላድርገው? ጆንያ ውስጥ ባደርገው አይጥ ይጨርሰዋል። ይሄን ዓመት የምበላው ይሄንኑ ነው። ሌላ ባልዲ አምጪልኝና ውሰጂው። ስንጥቅም ቢሆን ግድ የለኝም፤ ስንዴ በስንጥቅ አይፈስም። ጋሽ ይመር ዘንድ አንድ ስንጥቅ አለ።»

እታፈራሁ ጋሽ ይመር ጋ ሄደች። ጋሽ ይመር ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። በተሰነጠቀች ባልዲ አፈር ሞልተው፣ ፊት የታጠቡበትን እጣቢ እያጠጡ፣ ጎመን አብቅለዋል።

«ጋሼ፣ ባልዲዎን ይስጡኝ። እትዬ ብርነሽ ስንዴውን ይገልብጡ፤ ስንዴው ሲገለበጥ ውሃ ይቀዳ፤ ውሃው ሲቀዳ እናቴ ትታጠብ።»

«ጎመኔስ?»

«ወይም ውሃውን በዚችው ልቅዳባት?»

«ስንጥቅ ናት እኮ ልጄ። ዳገቱን ሳትጨርሺ ባዶ ትሆንብሻለች።» ጋሽ ይመር የጎመኑን ቅጠል ቀና አደረጉ። «ከነሥሩ ነቅዬ መሬት ላይ ብጥለው በፀሐዩ ይሞታል። ጠዋት ስነሳ የማየው አረንጓዴ ነገር እሱ ብቻ ነው። ሌላ ባልዲ አምጪልኝና አዛውረዋለሁ። ቂጡ የተበሳም ቢሆን ድንጋይ አደርግበታለሁ። ዘምዘም ዘንድ አለ።»

እታፈራሁ ዘምዘም ጋ ሄደች። ዘምዘም ባሏ ለሥራ ወደ አፋር ሄዶ የቀረባት ወጣት ሴት ናት። ቂጡ በተበሳ ባልዲ ውስጥ ገለባ ጎዝጉዛ ዶሮ አስታቅፋለች። ባልዲው በጎኑ ተጋድሟል፤ ዶሮዋ ከውስጥ ሆና ዓይኗን ታቁለጨልጫለች።

«ዘምዘሜ፣ ባልዲሽን ስጪኝ። ጋሽ ይመር ጎመኑን ያዛውሩ፤ ጎመኑ ሲዛወር እትዬ ብርነሽ ስንዴውን ይገልብጡ፤ ስንዴው ሲገለበጥ ውሃ ይቀዳ፤ ውሃው ሲቀዳ እናቴ ትታጠብ።»

ዘምዘም ደነገጠች። «ወላሂ ለእማማ ዘርፌ ነፍሴንም አልነፍግ። ግን እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ነው፤ አሁን ሜዳ ላይ ባወጣት ጥላቸው ትሄዳለች። ከዚች ዶሮ ሌላ ምን አለኝ? ተከለል ያለ ነገር ብቻ አምጪልኝ። ጎኑ የተሸረፈም ባልዲ ይሆናታል። ጋሽ እንድሪስ የተቀመጡበት እንደዚያ ነው። አብሽሪ እህቴ።»

እታፈራሁ መንገድ ዳር ወረደች። ጋሽ እንድሪስ ጫማ ሰፊ ናቸው። ጎኑ የተሸረፈ ባልዲ ገልብጠው፣ ጨርቅ ጣል አድርገውበት፣ እሱ ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ። ዳሌያቸው ተሰብሮ በደንብ ያልገጠመ ነው፤ መሬት ከተቀመጡ ሰው ካላነሳቸው አይነሱም።

«ጋሽ እንድሪስ፣ የተቀመጡበትን ባልዲ ይስጡኝ። ዘምዘም ዶሮዋን ታዛውር፤ ዶሮዋ ስትዛወር ጋሽ ይመር ጎመኑን ያዛውሩ፤ ጎመኑ ሲዛወር እትዬ ብርነሽ ስንዴውን ይገልብጡ፤ ስንዴው ሲገለበጥ ውሃ ይቀዳ፤ ውሃው ሲቀዳ እናቴ ትታጠብ።»

ጋሽ እንድሪስ መርፌውን ከአፋቸው አወጡ። «አላህ ያሽራት። እኔማ ተነስቼ ብሰጥሽ ምን ላይ ልቀመጥ ልጄ? ቆሜ አልሰፋ፤ መሬት ወርጄ አልነሳ። በርጩማ አምጪልኝና አሁኑኑ ውሰጂው። ለጉልበት የሚመች ከፍ ያለ በርጩማ ያላቸው ደግሞ እማማ ሰንበቴ ብቻ ናቸው።»

እታፈራሁ የእማማ ሰንበቴን ስም ስትሰማ ወደ ኋላ አለች።

እማማ ሰንበቴና እናቷ ቤታቸው ፊት ለፊት ነው። አንድ ጊዜ እንደ እህት ነበሩ። የእማማ ሰንበቴ ባል የሞቱ ጊዜ እማማ ዘርፌ ለቅሶ አልደረሱም። ለምን እንደቀሩ ለማንም አልተናገሩም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ሰላምታ የላቸውም። እማማ ሰንበቴ በየቀኑ በርጩማቸውን ደጃፋቸው ላይ ያወጣሉ፤ ተቀምጠው የእማማ ዘርፌን በር ያያሉ፤ አንድ ቃል አይናገሩም።

እታፈራሁ መሄዱን ፈራች፤ ቤቷ ገባች።

«ውሃው መጣ?» አሉ እናቷ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«መጥቷል እማዬ።»

«ሰዉ ሲንጫጫ ሰምቼ ነበር። ታዲያ ሞላሽ?»

እታፈራሁ በሩን ገጭ አድርጋ ወጣችና ከግድግዳው ኋላ ቁጭ አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። በርጩማው ካልተገኘ ጋሽ እንድሪስ አይነሱም። ጋሽ እንድሪስ ካልተነሱ ዶሮዋ አትዛወርም። ዶሮዋ ካልተዛወረች ጎመኑ አይዛወርም። ጎመኑ ካልተዛወረ ስንዴው አይገለበጥም። ስንዴው ካልተገለበጠ ውሃ አይቀዳም። ውሃ ካልተቀዳ እናቷ አትታጠብም። ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ነው። ውሃው ዛሬ ከሄደ መቼ ይመጣል? ሲመጣስ እናቷ ትኖራለች? ማንም ክፉ አልተናገራትም፤ ሁሉም እውነቱን ነው። የሚያስለቅሳት ይሄው ነበር፤ የምትቆጣው ሰው እንኳ አጣች።

ፊቷን ጠርጋ መንገዱን ተሻገረች።

«እማማ ሰንበቴ፣ እንደምን አረፈዱ።»

አሮጊቷ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩዋት።

«እማማ፣ በርጩማዎን ይስጡኝ። ጋሽ እንድሪስ ይቀመጡበት፤ ጋሽ እንድሪስ ሲነሱ ዘምዘም ዶሮዋን ታዛውር፤ ዶሮዋ ስትዛወር ጋሽ ይመር ጎመኑን ያዛውሩ፤ ጎመኑ ሲዛወር እትዬ ብርነሽ ስንዴውን ይገልብጡ፤ ስንዴው ሲገለበጥ ውሃ ይቀዳ፤ ውሃው ሲቀዳ...»

«ሲቀዳስ?» አሉ እማማ ሰንበቴ።

«እናቴ ትታጠብ።»

እማማ ሰንበቴ ማዶ ያለውን በር አዩ። «ደክማለች?»

«አዎ።»

«በጣም?»

«አዎ እማማ።»

እታፈራሁ ከታች የጀሪካን ኳኳታ ይሰማታል፤ እየሳሳ ሄዷል።

«እኔ ስትሞት ለቅሶዋ አልደርስም ብዬ ምያለሁ» አሉ እማማ ሰንበቴ። «በባሌ አጥንት ነው የማልኩት። አላፈርሰውም።»

እታፈራሁ አንገቷን ደፋች። ለመሄድ ዞረች።

«ወዴት ትሄጃለሽ? አልጨረስኩም። ለቅሶዋ ነው ያልኩት። በሕይወት ሳለች አልሄድም ብዬ አልማልኩም። እጄን ያዢኝና አንሺኝ።»

እማማ ሰንበቴ ተነሱ።

እማማ ሰንበቴ ሲነሱ በርጩማው ተነሳ። በርጩማው ሲሄድላቸው ጋሽ እንድሪስ ተነሱ። ጋሽ እንድሪስ ሲነሱ የተሸረፈው ባልዲ ወደ ዘምዘም ሄደ። ዘምዘም ዶሮዋን በሻሿ ሸፍና ከነገለባው፣ ከነእንቁላሉ አዛወረች፤ ዶሮዋ አንድ ጊዜ ጮኸችና ረጋች። ዶሮዋ ስትረጋ ቂጡ የተበሳው ባልዲ ወደ ጋሽ ይመር ሄደ። ጋሽ ይመር ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሥሩ አድርገው ጎመኑን ከነአፈሩ አዛወሩ። ጎመኑ ሲዛወር ስንጥቋ ባልዲ ተራግፋ፣ በጨርቅ ተወልውላ ወደ እትዬ ብርነሽ ሄደች። እትዬ ብርነሽ ስንዴውን ገለበጡ፤ አንድ ፍሬ አልፈሰሰም። ስንዴው ሲገለበጥ ባልዲው ባዶ ሆነ። እታፈራሁ ነጠቀችና ዳገቱን ቁልቁል በረረች።

ወረፋው ላይ ጥቂት ሰዎች ቀርተዋል። ውሃው እንደ ክር ቀጥኗል። የቦኖው ጠባቂ ሲያያት እጁን አነሳና «እሷን አሳልፏት፤ ዕቃዋ ሲረገጥ ሁላችሁም አይታችኋል» አለ። ማንም አልተከራከረም። እታፈራሁ ባልዲውን ከክሩ ሥር አስቀምጣ ቆመች። ግማሹን አለፈ፤ ትንሽ ጨመረ፤ ከዚያ ቧንቧው ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ።

ቤት ስትደርስ እማማ ሰንበቴ ቀድመው ገብተዋል። እሳት አያይዘው፣ ድስት ጥደው፣ ክንዳቸውን ሰብስበው ይጠብቋታል። እማማ ዘርፌ አልነቁም። ውሃው ለብ ብሎ ወደ ባልዲው ሲመለስ ሁለቱ ሴቶች እማማ ዘርፌን ቀና አደረጓቸው። እታፈራሁ ጀርባቸውን ደግፋ ያዘች። እማማ ሰንበቴ በጣሳ ከባልዲው እየቀዱ፣ በሳሙና እያሹ ከትከሻ ጀመሩ። ውሃው በተሰበሰበው ቆዳ ላይ ወረደ። እማማ ዘርፌ ተንፈስ አሉ፤ ከዚያን ቀን በፊት እታፈራሁ እንዲህ ያለ ትንፋሽ ከእናቷ ሰምታ አታውቅም።

እማማ ሰንበቴ ወደ እግር ወረዱ። ተረከዙን፣ ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠቡ።

«ይቺ እጅ የልጄ አይደለችም» አሉ እማማ ዘርፌ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

«የማን ናት?» አሉ ደግመው።

«የኔ ናት» አሉ እማማ ሰንበቴ።

እማማ ዘርፌ ዓይናቸውን አልገለጡም። እንባቸው በጎን ወርዶ ከሳሙናው ጋር ተቀላቀለ። ከለቅሶው ለምን እንደቀሩ አልተናገሩም፤ እማማ ሰንበቴም አልጠየቋቸውም። የእማማ ዘርፌ ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

«ሰንበቴ።»

«አቤት።»

«እግሬን ድገሚልኝ።»

እማማ ሰንበቴ ጣሳውን ወደ ባልዲው መለሱና ደገሙላቸው።

ያገኘሁትን እንዳገኘሁት ተናገርኩ፤ እናንተም ደርሳችሁ ለምታወሩለት ሰው ከስንዴው ጀምሩለት።