ፍሬን ውስጥ የገባ አየር

«አንድ ሞተረኛ ነበረ» አሉ መምህር ደርበው፣ አስናቀ ጥያቄውን ሲጨርስ።

አስናቀ የጠየቃቸው ይህን ነው። አባታቸው ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ሲውል ያስታመመችው ታላቅ እህቱ ናት፤ እሱ አልፎ አልፎ ብቅ ይል ነበር። ከቀብሩ በኋላ እግሯ ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቃት፤ ይቅር አለችው። ታዲያ በትንሽ በትልቁ እንደ አዲስ የሚጣሉት ለምንድን ነው? ሌላ ይቅርታ ይጨምር ይሆን? መምህሩ በቀጥታ አልመለሱለትም።

ሞተረኛው የሚኖረው ተራራ አናት ላይ ነበር። እንጀራው ሰው ጭኖ ቁልቁለቱን ወደ ከተማ መውረድ፣ ሌላ ሰው ጭኖ መመለስ ነው። አንድ ሰሞን የፊት ፍሬኑ ላላበት። እጀታውን ሲጨብጠው እንደ ረጠበ ስፖንጅ ይሰምጣል፤ ሞተሩ ግን መንገዱን ይቀጥላል። ሞተረኛው ሰነፍ አልነበረም። አዲስ የፍሬን ዘይት ገዝቶ ማጠራቀሚያውን እስከ አፉ ሞላው። እጀታውንም ቶሎ ቶሎ አሥር ጊዜ ጨበጠ፣ ለቀቀ። ጠነከረለት። «ዳነ» አለ። በማግስቱ ደግሞ ላላ። ቢጨምርበት ዘይቱ ሞልቶ ፈሰሰ እንጂ ፍሬኑ አልጠነከረም። ዘይቱ ሙሉ ከሆነ የጎደለው ምንድን ነው? ነገሩ ይከነክነው ጀመር።

በዚህ መሐል የዓይን ሐኪሞች ወደ ከተማው መጡ። የሚመጡት በዓመት አንዴ፣ ለሦስት ቀን ብቻ ነው። የሞተረኛው አማት ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸዋል፤ ቀጠሯቸው የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። ሞተረኛው ከኋላው አስቀምጧቸው ወረደ። ቁልቁለቱ አጋማሽ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ እጀታው እስከ መጨረሻው ገባ፤ ፍሬን የለም። የእግሩን ፍሬን በሙሉ ኃይሉ ረግጦ ሞተሩን መንገድ ዳር ካለ የአፈር ቁልል ጋር አላተመው። ከቁልሉ ወዲያ ገደል ነው። አማቱ ነጠላቸውን አራገፉና፦

«ደረስን እንዴ፣ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁ።

ሞተረኛው አማቱን ከኋላ አስይዞ ሞተሩን እየገፋ ከመታጠፊያው ሥር ካለች መንደር አደረሰው። እዚያ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋራዥ ነበረው። እጀታውን አንድ ጊዜ ጨብጦ ለቀቀና ሳቅ አለ።

«ዘይቱማ ሙሉ ነው» አለ ሞተረኛው።

«ማን ጎደለ አለህ? አየር ገብቶበታል።»

«አየር ብረት ያሸንፋል እንዴ፣ ጋሼ?»

«ዘይት ቢጫኑት አይኮማተርም፤ የእጅህን ጉልበት ተሸክሞ ጎማው ድረስ ይሄዳል። አየር ግን ይኮማተራል። ጉልበትህን መንገድ ላይ ያስቀረዋል። አንተ ከላይ ትሞላለህ፤ አየሩ ያለው ከታች ነው።»

መካኒኩ ጎማው አጠገብ ባለች ትንሽ ብሎን ላይ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ ሰካ፤ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ጥቂት ዘይት ባለበት የውኃ ጠርሙስ ውስጥ ነከረ።

«እጀታውን ጨብጠህ ያዝ። እኔ ብሎኑን ስፈታ አየሩ ይወጣል። መልሼ ሳላጠብቅ ከለቀቅክ ግን የወጣው ተመልሶ ይገባል። ልቀቅ እስክልህ ንቅንቅ እንዳትል።»

ያዘ። ብሎኑ ሲፈታ የጠቆረ ዘይት በቱቦው ወረደ፤ በዘይቱ መሐል አረፋ ተከታትሎ መጣ። ሞተረኛው ስንት ሳምንት ሲታገለው የኖረውን ጠላቱን አይቶት አያውቅም ነበር። ለማየት ጎንበስ አለ። ጎንበስ ሲል እጁ ላላ። አረፋው ቱቦው መሐል ቆም አለና ወደ መጣበት ሮጠ።

«ለቀቅክ!»

«አልለቀቅኩም፤ ትንሽ ብቻ ነው...»

«ለእሱም ትንሽ ይበቃዋል።»

ሁለተኛም ሦስተኛም እንደዚያው ሆነ። ቀጠሮው እየተቃረበ ነው። «አንተ ሰውዬ» አለ መካኒኩ፣ «ፍሬን ልታሠራ ነው ወይስ ሲኒማ ልታይ የመጣኸው?»

ያን ጊዜ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው የነበሩት አማት ተነሡ።

«እስቲ እኔ ልያዘው።»

«እማማ፣ አያዩም እኮ!»

«ምኑ ይታያል? ያዝና ልቀቅ አይደል የሚለው? ጆሮዬ ደህና ነው።»

ዕድሜ ልካቸውን ላም ባለቡበት እጅ ጨበጡት። ብሎኑ ሲፈታ እጀታው ከመዳፋቸው ሥር ሰመጠ። ደነገጡ።

«ኧረ ገባ!»

«ይግባ፣ እማማ፤ ብቻ አይልቀቁ።»

አልለቀቁም። አረፋው ወርዶ ጠርሙሱ ውስጥ ጠፋ። መካኒኩ ብሎኑን አጠበቀና «አሁን ይልቀቁ» አላቸው። ያንኑ ደጋገሙት። ሞተረኛው «አዲሱ ዘይት አብሮ ፈሰሰ!» እያለ ቢጮህም መካኒኩ «ይፍሰስ» ይልና ማጠራቀሚያው እንዳይደርቅ ከላይ ይጨምራል። በመጨረሻ በቱቦው የሚወርደው ጥሩ ዘይት ብቻ ሆነ፤ እጀታውም ድንጋይ ሆኖ ቆመ። ከተማ የደረሱት ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ሳይሰበስቡ ነው። የአማቲቱ ዓይን ሞራ ተገፈፈ። በማግስቱ ፋሻው ተነሥቶላቸው ወደ ቤት ሲመለሱ ያን ገደል አይተው ሞተረኛውን ምን እንዳሉት ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

መምህር ደርበው ወደ አስናቀ ዞሩ።

«አንተም እንደ ሞተረኛው ነህ። እህትህ ሦስት ዓመት ያመቀችው ነገር ከታች አለ፤ አንተ ከላይ ይቅርታ ትሞላለህ። በሞላህበት ቀን ይጠነክራል፤ በማግስቱ ይላላል። ሂድና ‹ያልነገርሽኝ ምን አለ?› በላት። ስትናገር ክፉውም ደጉም አብሮ ይፈስሳል፤ ይፍሰስ። ሁሉ ነገር ከእጅህ ሥር የሰመጠ ይመስልሃል፤ አፍህን ዘግተህ መስማት ያን ጊዜ ነው። ጨርሻለሁ የምትለው እሷ ናት።»

አስናቀ ራሱን ነቀነቀ።

«እሺ፣ የኔታ። ግን እሷም እኮ አንድ ቀን እንኳ ‹አባባ ደክሟል፣ ና› ብላ በወጉ አልጠራችኝም...»

«አየህ» አሉ መምህሩ፣ «ለቀቅከው።»