የብርቄ ጥቅልል ፀጉርና የእትዬ ወለላ ሚዶ

ልንገራችሁ? «ንገሪን!» በሉኛ። እንግዲያው ጆሯችሁን ከፈት፣ ሻሻችሁን ላላ አድርጉና ስሙኝ።

ብርቄ የምትባል ልጅ ነበረች። ፀጉሯ ጥቅልል ነው። ሲስቡት ክንድ ያህላል፣ ሲለቁት ዘሎ ጆሮዋ ላይ ይሰፍራል። ብርቄ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህን ፀጉር ሳያቃጥል፣ ሳይነጭ፣ እንዳለ አሳምሮ የሚሠራላት፣ ዓይኗን ጨፍና ራሷን የምትሰጠው ፀጉር ቤት። ባለፈው ፋሲካ አንዷ «ጫፉን ብቻ ነው» ብላ በካውያ ጠበሰችውና ግማሹ ማበጠሪያው ላይ ቀረ። ያን ቀን ብርቄ መስታወት ፊት ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ፀጉሯ ገና አሁን ማገገሙ ነው።

አሁን ደግሞ እህቷ አስካለ ልታገባ ነው፤ ሠርጉ ነገ፣ ብርቄ ሚዜ። ሚዜ እንደምታውቁት አንድ ዓይነት ቀሚስ፣ አንድ ዓይነት ጫማ፣ አንድ ዓይነት ፀጉር ነው። አክስቷ እትዬ ዘርፌ፣ በጋ ከክረምት ሻሽ ከራሳቸው የማይወርደው እትዬ ዘርፌ፣ ጠዋት ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

«ሌሎቹ ሚዜዎች ሁሉ ተተኩሰው ጨርሰዋል! አንቺ ጎፈሬሽን ነፍተሽ ልታዋርጂን ነው? ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚሠራልሽ ካላገኘሽ እኔው እጅሽን ይዤ ካውያ ቤት ነው የምወስድሽ!»

ብርቄ ፀጉሯን በሻርፕ አስራ ወጣች። አንዱ ፀጉር ቤት ገና በር ላይ ሲያያት ካውያውን ሰካ። ሌላው «ይሄማ መድኃኒት ነው የሚያስፈልገው» አለ፣ ፀጉሯ የታመመ ይመስል። በመጨረሻ ገበያው ጥግ ላይ ካስክም ካውያም የሌለበት ጠባብ ቤት አገኘች። የቤቱ ባለቤት እትዬ ወለላ ከወንበራቸው ተነሡና «ልንካው፣ የኔ ልጅ?» ብለው ጠየቋት። ጠየቋት! እስከዛሬ ማን ጠይቋት ያውቃል? በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና፣ «ይሄ ደርቆ አይበጠርም። ረጥቦ፣ በቅባት ለስልሶ፣ ከጫፉ ተነሥቶ ወደ ላይ ነው የሚፈታው» አሉ። ብርቄ ልቧ አረፈ።

«ግን አልነካውም» አሉ ቀጥለው። «ጥርሱ ሰፋፊው ሚዶዬ ተሰብሯል። በዚህ በቀጭኑ ማበጠሪያ ብሠራው እነጨዋለሁ። ሂጂና እንጨት ጠራቢውን ጋሽ ደባልቄን ሚዶ አስቀርጪ።»

እንግዲህ አጉል ከምሠራ አልሠራም የሚሉ ባለሙያ ተገኙ። ችግሩ አልሠራም ማለታቸው ነው።

ብርቄ ወደ ጋሽ ደባልቄ ሮጠች። «ጋሽ ደባልቄ፣ ሚዶ ይቅረጹ! እትዬ ወለላ ፀጉሬን ይሥሩ! ነገ ሠርግ ነው!»

«እንጨቱስ ነበር፤ መጋዜ ለሁለት ተሰበረብኝ። ቀጥቃጩ ሽብሩ ካልቀጠለልኝ በምን ልቅረጽ? በጥርሴ?» አሉ።

ጋሽ ደባልቄ ሚዶ አልቀርጽም አሉ፣ እትዬ ወለላ ፀጉር አልነካም አሉ፣ የብርቄም ፀጉር በሻርፕ እንደታሰረ ቀረ።

ብርቄ ወደ ጋሽ ሽብሩ ሮጠች። «ጋሽ ሽብሩ፣ መጋዝ ይቀጥሉ! ጋሽ ደባልቄ ሚዶ ይቅረጹ! እትዬ ወለላ ፀጉሬን ይሥሩ! ነገ ሠርግ ነው!»

ጋሽ ሽብሩ የቀዘቀዘ ምድጃቸውን አሳዩአት። «ብረት በምራቅ ይቀጠላል እንዴ? ከሰል የለኝም። ዘነቡ ከሰል ታመጣለች ብዬ ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ተጎልቻለሁ» አሉ።

ጋሽ ሽብሩ መጋዝ አልቀጥልም አሉ፣ ጋሽ ደባልቄ ሚዶ አልቀርጽም አሉ፣ እትዬ ወለላ ፀጉር አልነካም አሉ፣ የብርቄም ፀጉር በሻርፕ እንደታሰረ ቀረ።

ብርቄ ወደ ከሰል ሻጯ ወደ እትዬ ዘነቡ ሮጠች። አሁንስ እግሯም ዝሏል። «እትዬ ዘነቡ፣ ከሰል ያድርሱ! ጋሽ ሽብሩ መጋዝ ይቀጥሉ! ጋሽ ደባልቄ ሚዶ ይቅረጹ! እትዬ ወለላ ፀጉሬን ይሥሩ! ነገ ሠርግ ነው!»

«ከሰሉማ ይኸው ተጭኗል!» አሉ እትዬ ዘነቡ በንዴት። «አልሄድ ያለችኝ ይቺ አህያ ናት። ብገፋት፣ ባባብላት፣ ብለምናት! እስቲ አንቺ ጠይቂያት።»

ብርቄ አህያዋን ጠየቀቻት። አህያዋም መለሰች፤ በተረት አህያ ትናገራለች፣ ምን ታደርጓታላችሁ።

«ይቺ ሕፃን እየጮኸች አልሄድም» አለች አህያዋ። «እናንተ ጆሯችሁ ትንሽ ስለሆነ አይታወቃችሁም። እኔ ጭንቅላቴ ሊፈርስ ነው። ዝም ካላለች ንቅንቅ አልልም!»

ሕፃኗ የእትዬ ዘነቡ የልጅ ልጅ ሚጡ ነበረች። ጥርስ እያወጣች ነው፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ «እኝ!» ትላለች። ማንኪያ ቢሰጧት ወረወረች፣ ቢዘፍኑላት ባሰባት፣ ጎረቤት ቢያጨበጭብላት ጭራሽ ጎረቤቱን በለቅሶ አባረረችው። ብርቄም ልታባብላት አጠገቧ ተንበርክካ ጎንበስ አለችላት።

ሚጡ ዝም አልልም አለች፣ አህያዋ አልሄድም አለች፣ እትዬ ዘነቡ ከሰል አላደርስም አሉ፣ ጋሽ ሽብሩ መጋዝ አልቀጥልም አሉ፣ ጋሽ ደባልቄ ሚዶ አልቀርጽም አሉ፣ እትዬ ወለላ ፀጉር አልነካም አሉ፣ የብርቄም ፀጉር በሻርፕ እንደታሰረ ቀረ።

በዚህ መሃል ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? እትዬ ዘርፌ!

«ፀሐይዋን አየሻት? በይ ነይ፣ ካውያው ግሏል!»

ብርቄ የፋሲካው የተቃጠለ ሽታ አፍንጫዋ ውስጥ መጣባት። ቀና ብላ አክስቷን አየቻቸውና፣ «አልሄድም» አለች። «ሌላው ሁሉ አልቀርጽም አልቀጥልም ሲል የዋለው ቸግሮት ነው። እኔ ግን ፈቅጄ ነው አልሄድም ያልኩት፣ እትዬ። ይሄ ፀጉሬ ነው።»

«ሚዜዋ አልሄድም አለች! ጉድ እኮ ነው!» አሉና እትዬ ዘርፌ ክንዷን ሊይዙ ሲሉ ሻርፗን ያዙት። ሳቡት። ሻርፑ ተፈታ፤ ፀጉሩም ቀኑን ሙሉ ታፍኖ ነበርና ቦግ ብሎ ወጣ፣ ከፊሉም ሚጡ ፊት ላይ ተንዘረፈፈ።

«እኝ» የሚለው ለቅሶ መሃል ላይ ተቆረጠ። ሚጡ አንዷን ጥቅልል ያዘች፣ ሳበች፣ ለቀቀች። ጥቅልሏ ዘላ ተመለሰች። ሚጡ ዓይኗን አፈጠጠች። ደግማ ሳበች፣ ደግማ ለቀቀች፤ ጥቅልሏም ደግማ ዘለለች። ያን ጊዜ ሚጡ ከሆዷ ሳቀች! የተተኮሰ ፀጉር ቢሆን ኖሮ እንደተሳበ ቀጥ ብሎ ይቀር ነበር።

ይኸውላችሁ፣ ሚጡ ሳቀች፣ አህያዋ ጆሮዋን አራግፋ ሄደች፣ እትዬ ዘነቡ ከሰል አደረሱ፣ ጋሽ ሽብሩ እሳት አንድደው መጋዝ ቀጠሉ፣ ጋሽ ደባልቄ ሚዶ ቀረጹ፣ እትዬ ወለላ የሚዶውን ጥርስ አንድ በአንድ በጣታቸው ዳብሰው፣ «አሁን ተቀመጪ የኔ ልጅ» አሉ። ፀሐይም እየጠለቀች ነበር እንጂ አልጠለቀችም።

እትዬ ዘርፌ በሩ ላይ ቆመው ጩኸት ጠበቁ። በእሳቸው ዘመን ፀጉር ያለ ጩኸት ተሠርቶ አያውቅም። እትዬ ወለላ አረጠቡ፣ ቀቡ፣ ከጫፍ ተነሥተው ቀስ እያሉ ፈቱ። «ኧረ!» የሚል ድምፅ የለም። እትዬ ዘርፌ አንገታቸውን አስግገው ቢያዩ ብርቄ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ራሷን አምና ሰጥታቸው ነበራ።

በማግስቱ አዳራሹ እልል አለ። ሙሽሪት አስካለ እህቷን ስታይ ቬሏን ሰብስባ አቀፈቻትና፣ «ሠርጌን አሳመርሽው!» አለቻት። እንግዳው ሁሉ «ማን ነው የሠራሽ?» ይላል። ብርቄ አፏን ሳትከፍት እትዬ ዘርፌ፣ «እኛ ፀጉር ቤት ነዋ! አህያ እንኳ ታውቀዋለች!» እያሉ ይመልሳሉ። ብርቄ በሳቅ ሞተች።

ሠርጉ እንዳለፈ ግን እትዬ ዘርፌ ብቻቸውን፣ ሰው አያየኝም ብለው፣ ገበያው ጥግ ወዳለው ጠባብ ቤት ሄዱ። ከውስጥ ብርቄ ቅባት ልትገዛ ተቀምጣለች። አዩዋት፤ ተመልሰው ሊወጡ አሉና ተዉት። የሻሻቸውን ቋጠሮ ይዘው በቀስታ፣ «ካውያ የበላው ፀጉር ይመለሳል?» ብለው ጠየቁ።

ብርቄ ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችላቸው። እትዬ ወለላ አዲሱን ሚዶ አነሡና፣ «ልንካው?» አሉ።

እትዬ ዘርፌ ሻሻቸውን ፈቱ።

እኔም ተረቴን እዚህ ፈታሁት፤ የቋጠረ ካለ ከእናንተም ይፍታ።