የሞላ ስልቻ

አንድ ሰው ነበረ። ሚስቱ ክረምቱን ሙሉ አልጋ ይዛበት፣ ዘመድ ጎረቤቱ ተስፋ ሲቆርጥባት፣ እሱ ብቻ ግሸን ማርያምን ይለምን ነበር። «እሷን ብቻ ከአልጋዋ አንሺልኝ እንጂ በእግሬ መጥቼ ደጅሽን እሳለማለሁ» አለ። ሚስቱ ዳነች። እንግዲህ ስለት ስለት ነው፤ ሰውየው ለመንገድ ተነሣ።

ሚስቱ ጉልበቷ ገና ሳይጠና ገብስ ቆላች፣ ፈጨች። በሶውን ራሷ ባለፋችው ስልቻ ጢም አድርጋ ሞልታ አሸከመችው። ሰውየውን ደስታ አሰከረውና ሸኚው ሁሉ በተሰበሰበበት ምን ቢል ጥሩ ነው? «ደርሼ እስክመለስ ከሚስቴ እጅ ሌላ የማንንም እህል አልቀምስም!»

ማን ጠየቀው? ማርያም ጠየቀችው? አልጠየቀችውም። ሰው ደስ ሲለው አፉ ይሰፋል። እዚያ ኋላ የተቀመጣችሁ አትሳቁ፤ እናንተንም አውቃችኋለሁ።

ወሩ መስከረም ነው፤ ወንዙ ከክረምቱ ጥጋብ ገና አልበረደም። እንደሱ ወደ ግሸን ከሚሄዱ መንገደኞች ጋር ሲሻገር አዳለጠው። እሱ ተረፈ፤ ስልቻው ግን ውኃ ገባበት። ላዩን በነጠላው አበስ አደረገና «ደህና ነው» ብሎ ተሸከመው። ኋላ ሊበላ ሲፈታው በሶው ሸቷል፣ አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቷል። ግራ ቀኙን አየና መልሶ ቋጠረው።

ምን ያድርግ? ይጣለው? የሚስቱ ድካም ነው። ከሰው ይብላ? ቃሉ አለ። ጓደኞቹ ሲበሉ እሱ «ጠግቤያለሁ» እያለ ውኃ ይጠጣል። ጠግቤያለሁ! ዓይኑ ብዥ ይላል፣ ጀርባው ላይ ግን የሞላ ስልቻ አለ። ያየው ሁሉ «ታድሎ! ስንቁ እንኳ አልጎደለበት» ይለዋል።

ከግሸን ገደል በፊት ባለችው የመጨረሻ መንደር እመት ዘነቡ የሚባሉ ሴት መንገደኛ ያሳርፋሉ። ከዚያ ወዲያ ቤት የለም፤ ቁልቁለትና ዳገት ብቻ ነው። አቅም ያጣ ሰው እዚያ መሐል ቢወድቅ ማንም አይደርስለትም። መንገደኞቹ «አንድ ቀን እንረፍ፣ ስንቃችንንም እንሙላ» ተባባሉ። የኛ ሰው ግን «ምን ዕረፍት ያስፈልጋል? እንሂድ እንጂ!» ይላል። ለምን መሰላችሁ? ዕረፍት ያጋልጣላ! እየሄደ ስልቻ የሚፈታ የለም። ጉዱ ቁጭ ሲሉ ነው።

እመት ዘነቡ የሁሉንም እግር አጠቡ። ከዚያ ደጅ ላይ ሰሌን አነጠፉና «በሉ ልጆቼ፣ ስንቃችሁን አውጡና ፀሐይ ይምታው። የጎደለውን እኔ እሞላለሁ» አሉ። ሁሉም የያዘውን ዘረገፈ። ባዶ ስልቻ ያራገፈም ነበር፤ እንዲያውም ቀድሞ የተሰፈረለት እሱ ነው። ሰውየው ስልቻውን በጉልበቶቹ መሐል ይዞ ቁጭ አለ።

«ያንተስ፣ ልጄ?»

«የኔ ሙሉ ነው እመት፤ ምንም አልጎደለው።»

«ታዲያ ፊትህን ምን አመድ አስመሰለው?»

ስልቻውን ይበልጥ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። እመት ዘነቡ አልነጠቁትም፣ አልተቆጡትም። አጠገቡ ተቀመጡ።

«ማን ነው የሰነቀልህ?»

«ሚስቴ ናት። ከሞት አፋፍ ተመልሳ።»

«እሰይ፣ እንኳን አተረፈልህ። እሷ የምትወደው በሶውን ነው ወይስ አንተን?»

ይሄኔ ሰውየውን ሆድ ባሰው፤ ቋጠሮውን ፈታው። ሽታው ሲወጣ አንዱ መንገደኛ አፍንጫውን ሊይዝ ሲል እመት ዘነቡ በዓይናቸው ገሠጹት። ሰውየው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ረኃቡም ነው፣ እፍረቱም ነው፣ የሚስቱ ድካም ከንቱ መቅረቱም ነው።

እመት ዘነቡ በሶውን ከአጥሩ ሥር ደፉት። ስልቻውን አጥበው፣ ገልብጠው ፀሐይ ላይ ሰቀሉት። ሲደርቅ የራሳቸውን በሶ ሊሰፍሩበት ሲሉ ግን ሰውየው እጃቸውን ያዘ።

«እመት፣ ቃሌስ? ከሚስቴ እጅ ሌላ አልቀምስም ብያለሁ እኮ።»

እመት ዘነቡ ስልቻውን ዳሰስ አደረጉ። «ይህን ቆዳ ያለፋው ማን ነው?»

«እሷው ናት።»

«እንግዲያስ ከእጇ ነዋ የምትበላው! እኔ ጣል አደረግሁበት እንጂ ምን ሠራሁ?»

ሰውየው እንባው ሳይደርቅ ሳቀ። ይህን ፍቺ ሊቃውንቱ ይቀበሉት አይቀበሉት አላውቅም፤ እመቤታችን ግን የምትቀበለው ይመስለኛል። በላ፣ ጠገበ፣ ተኛ። በማግስቱ ከጓደኞቹ ጋር ዳገቱን ወጥቶ ደጇን ተሳለመ።

ወገኖቼ፣ ይህን ሰው ሊገድለው የነበረው ምንድን ነው? ባዶነት ነው? አይደለም። ባዶ የያዙትማ ቀድሞ ተሰፈረላቸው። ሊገድለው የነበረው ሙላቱ ነው። የተሸከመው ደግሞ ክፉ ነገር አልነበረም፤ ፍቅር ነበር፣ ውለታ ነበር፣ ቃል ነበር። ደግ እጅ የሰነቀው ነገርም ይሻግታል።

እስቲ እንጠያየቅ። በወጣትነታችሁ የጾማችሁትን ጾም እስከ ዛሬ ታወሩታላችሁ፤ ዘንድሮስ ነፍሳችሁ ምን ቀመሰች? «እኔ ለማንም እጄን አልዘረጋም» ብላችሁ የማላችሁትን መሐላ ማን ጠየቃችሁ? ባልና ሚስት ሆናችሁ አንድ ማዕድ ትቆርሳላችሁ፤ በሠርጋችሁ ሰሞን የነበረው ፍቅር ዛሬም እንዳለ ነው ትላላችሁ። ከፍታችሁ አይታችሁታል?

«እንዴት ናችሁ?» ሲሏችሁ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላላችሁ። ይመስገን! ግን ስንቶቻችን ነን ከምስጋናው ሥር የቋጠርነው ነገር ያለን? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። ሰንበት የተሰጠን እግራችን ስለ ደከመ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቁጭ ብለን፣ የያዝነውን ዘርግፈን፣ እንድንተያይ ነው። ዕረፍት የሚፈራ ሰው ስታዩ «ምን ያህል ብርቱ ነው» አትበሉ፤ እዘኑለት። ምናልባት ያ ሰው ራሳችሁ ትሆናላችሁ።

አሁን ከዚህ ስትወጡ አንድ የሚወዳችሁ ሰው በሩ ላይ «እንዴት ከረማችሁ?» ይላችኋል። አፋችሁ የለመደውን ሊል ይቸኩላል። ያዙት። ዛሬ፣ ለዚያ ሰው ብቻ፣ «ስንቄ አልቆብኛል» በሉት።