ሕፃን በጎረቤት ጉድጓድ ላይ የሚያለቅስበት ሰፈር

እናት አራስ ልጇን በጎረቤት የውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ ይዛ ስታስለቅስ እንዴት ልቧ ይችላል? እኔ ይህን እስካሁን አልመለስኩትም። ሳንቬራ በምትባለው ትንሽ የአውሮፓ ዋና ከተማ፣ እኛ በምንኖርበት የደረጃ ሰፈር ግን ዛሬም ይደረጋል። ወጉ ከየት እንደመጣ፣ ከታች ቤት ያሉት እማማ ፊሎሜና የነገሩኝን እንዳለ እጽፋለሁ።

ከተማዋ የተሠራችው ባሕር ውስጥ በገባ አለት ላይ ነው። ወንዝ የላትም፣ ምንጭ የላትም፣ ቤቱ ሁሉ ማር የመሰለ ድንጋይ ነው፣ መንገዱም ቁልቁል ስለሆነ ደረጃ ነው። ስለዚህ ድሮ ስትቆረቆር ቤት የሚሠራ ሁሉ አስቀድሞ ከሥሩ ጉድጓድ ይፈልፍል፣ የጣሪያውን ዝናብ እዚያ ያጠራቅም ተብሎ ታዘዘ ይባላል። ከጉድጓዱ የወጣውም ድንጋይ የዚያው ቤት ግድግዳ ሆነ።

እንደሚነገረው አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ያን ጊዜ ውሃ ያባከነ ሰው ከከተማው ቅጥር ውጭ ይባረር ነበርና፣ ሁሉም የጎረቤቱን ባልዲ በዓይነ ቁራኛ ይጠብቃል። በደረጃው ላይኛው ቤት ኮንቼታ የምትባል አራስ ነበረች፣ ባሏ መርከብ ላይ ነው። ከእሷ ሥር ባለው ቤት ሮዛሪያ የምትባል ሴት ከልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። የሮዛሪያ ጉድጓድ ሙሉ ሆኖ ሲቆይ የኮንቼታ በየቀኑ ይጎድል ጀመር። አራሷ ማሰሮ ይዛ ስትለምን፣

«አንቺ፣ ውሃውን ትጠጪዋለሽ ወይስ ዓሣ ታረቢበታለሽ?» ይሏት ነበር የሰፈሩ ሴቶች።

«እኔ እንጃ፣ እህቶቼ። ማታ የተውኩትን ጠዋት አላገኘውም» ትላለች። ማን ይመናት። የከተማው ዳኞች ውሃ አባክናለች፣ ነገ ከነልጇ ትውጣ ብለው ፈረዱ።

በዚያው ቀን ሮዛሪያ ልትቀዳ የጉድጓዷን ክዳን ብታነሳ፣ ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ሰማች ይባላል። አጎንብሳ ብታዳምጥ የኮንቼታ ልጅ ድምፅ ነው። ለካ በሁለቱ ጉድጓዶች መካከል ያለው አለት ተሰንጥቆ፣ ውሃው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ነው የከረመው። ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ብትናገር ውሃው ለሁለት ቤት ሊካፈል፣ ልጆቿም ሊጠሙ ነው፤ ዝም ብትል የሚያውቅ የለም። ያን ቀን እህል አልቀመሰችም ይላሉ፣ በላች የሚሉም አሉ።

በማግስቱ ዳኞቹ ሲመጡ ሮዛሪያ ደጇ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። «ግቡና ስሙ» ብላ ክዳኑን አነሳች። ሕፃኑ ላይ ቤት እያለቀሰ ነበር፣ ድምፁ ከጉድጓዱ ወጣ።

«የጠጣሁት የሷን ነው። የምትባረር ካለች እኔ ነኝ» አለች።

ማንም አልተባረረም፣ ውሃውንም እኩል ተካፈሉ። ግንበኛ ስንጥቁን ሊለስን ሲመጣ ግን ኮንቼታ ከለከለችው። «ተወው። ባሌ እስኪመጣ ልጄ ሲያለቅስ የሚሰማልኝ ሰው ይኑር።»

«እንቅልፍ ልትነሱኝ ነው በሉኛ!» አለች ሮዛሪያ፣ ሁለቱም ሳቁ ይባላል።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ የተወለደ ሕፃን ከታች ጎረቤት ቤት ይወሰዳል፣ ክዳኑ ተከፍቶ ያለቅሳል፣ ጎረቤቱም «ሰማሁ» ይላል። አሁን ውሃ በቧንቧ ነው፣ ጉድጓዶቹም ብዙዎቹ ደርቀዋል፤ ያ ስንጥቅ ግን ሳይለሰን ዛሬም ይታያል።

የኛ ልጅ ተራዋ መጪው እሑድ ነው። እማማ ፊሎሜና የክዳኑን ማጠፊያ ዘይት ቀብተው ይጠብቃሉ። ልጄ ግን ዝምተኛ ናት፣ ሲርባት እንኳ አፏን ከፍታ ታየኛለች እንጂ ድምፅ አታወጣም። ያላለቀሰችውን ደግሞ ማን «ሰማሁ» ይላታል? ቆንጥጬ ላስለቅሳት ወይስ እንዲሁ ይዣት ልቁም? የወለዳችሁ እናቶች፣ እባካችሁ ምከሩኝ።