እንድሪስ ካርዷን ያስመሰከረ ዕለት

ደሴ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር፣ ደህናውን ነገር አሳምራለሁ ብሎ የሚያበላሽ ሰው ሲገኝ የምንላት አንዲት አባባል አለች። ከጥንት አባቶች የወረስናት የምትመስለው እንግዳ አይጠፋም። ኧረ የት! ስትወለድ እኔው ራሴ ቆሜ አይቻለሁ።

እንድሪስ የሰው ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤታችን ነው። ልጅ ሳለን ሹፌር አጎቱ ከአሰብ ካመጡለት ማስቲካ ውስጥ የኳስ ተጫዋች ፎቶ ያለባት ካርድ ወጣችለት። እኛ የየራሳችንን በጨዋታ ስንበላላ እሱ የእሷን ጫፍ እንኳ ሳያሳጥፍ መጽሐፍ ውስጥ ሠላሳ ዓመት አኖራት። በቋጣሪነቱ ስንስቅ ኖርን። ዘንድሮ ፎቶዋን ቴሌግራም ላይ ቢለጥፍ፣ ሚልክያስ የሚባል ካርድ ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ ደወለ።

"ሦስት መቶ ሺህ ብር እሰጥሃለሁ። ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ። ብቻ እንዳለች ትቆየኝ!"

ለአንዲት ብጣሽ ካርቶን! ሰፈሩ አበደ። የእንድሪስ ሚስት ሰዓዳ ግን ጊዜ አላባከነችም፤ ያገለገለ ባጃጅ አፈላልጋ አገኘች። ከእንግዲህ ባሏ የራሱን ሊነዳ ነው።

ዓርብ ዕለት እንድሪስን ስጋት ያዘው። "ፎርጅድ ነች ቢለኝስ? ማኅተም የላት፣ ፊርማ የላት!" አለ። በየቢሮው "ማኅተም የለውም" እየተባለ ሲመለስ የኖረ ሰው ምን ያድርግ? ካርዷን ይዞ በሐዘንና በቀብር ወደምንረዳዳበት ቅሬያችን ሰብሳቢ፣ ወደ ጋሽ አራጋው ከነፈ።

ጋሽ አራጋው መነጽራቸውን አድርገው አገላበጧት።

"ኦሪጅናል ነች?"

"ወላሂ ኦሪጅናል ነች!"

"እንግዲያው እንመሰክራለን" አሉና ክቡን ማኅተም ተጫዋቹ ግንባር ላይ አሳረፉት። ከሥሩም "ትክክለኛነቱ ተረጋግጧል" ብለው ፈረሙ። እንድሪስ በደስታ በቀጥታ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ላሚኔት አስደረጋት።

ቅዳሜ ሚልክያስ ቦርሳውን አንግቦ መጣ። ካርዷን ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ማረጋገጫ!" አለ እንድሪስ ደረቱን ነፍቶ።

"ማን ነው ያረጋገጠው?"

"ቅሬያችን!"

"ወንድሜ፣ ያን ሁሉ ብር ያልኩህ እኮ ያልተነካች ስለሆነች ነው። አሁን መቶ ብርም አታወጣ።"

"ማኅተሙን ባስለቅቀውስ?"

ሚልክያስ ቦርሳውን እንዳነገበ ወደ መናኸሪያ ወረደ። ሰዓዳ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር፣ እሷን ሳይ አፈርኩ። እዚያው የነበሩት ጋሽ አራጋው ግን ካርዷን ወደ ፀሐይ አንስተው፣ "ማኅተሙስ ቆንጆ ሆኖ አርፏል፤ ቀለሙ እንኳ አልፈሰሰም" አይሉ መሰላችሁ!

ሽያጩን እንዲመርቁ የተጠሩት አሮጊቷ እማማ ዘምዘም ለምርቃት የዘረጉትን እጃቸውን ሰበሰቡና፣ "አዎ አራጋው" አሉ፣ "ማኅተሙ ደመቀ፣ ዋጋው ወደቀ።"