የቀበሌው አዲስ ቴሌቪዥን

አንዲት ምላሷ የተሳለ ሽንኩርት ቸርቻሪ መታወቂያዋን ለማሳደስ ቀበሌ ስትመላለስ ሦስት ወር ሞላት። አንድ ቀን ኃላፊው አቶ መንበሩ ባለጉዳይ በሚጠብቅበት አዳራሽ ግዙፍ ቴሌቪዥን አሰቅለው ይንጎራደዱ ጀመር።

«ባለ ፎር ኬ ነው! ስምንት ሚሊዮን ነጥብ አለው፤ የዝንብ እግር ሳይቀር ያሳያል። ምስሉን በሰከንድ መቶ ሃያ ጊዜ ያድሳል!» አሉ።

ሁሉም ሲያጨበጭብ እሷ እጇን አጣጥፋ ቀረች። ኃላፊው ተናደዱ።

«አንቺ! እንከን ካገኘሽበት ጉዳይሽን አሁኑኑ እጨርሳለሁ። ካጣሽበት ግን ዓመቱን ሙሉ ትመላለሻለሽ!»

ሴትየዋ ቴሌቪዥኑንም እሳቸውንም ተራ በተራ አየች።

«ጌታዬ፣ ዕቃውስ እንከን የለውም፤ የተሳሳተው ቦታው ነው። በሰከንድ መቶ ሃያ ጊዜ የሚያድሰው እሱ ወንበርዎ ላይ ይቀመጥልን፤ አንዲት መታወቂያ በሦስት ወር ማደስ ያቃተዎት እርስዎ ግድግዳው ላይ ይሰቀሉ።»